ነጭ ጋውንና የአንጋጫ መኪና

ጵርስቅላ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሆሳዕና መናኸሪያ ትደርስና በአንጋጫ አድርጎ ዱራሜ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሰዓቷን አይታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። መኪናው ሞልቶ ሲንቀሳቀስ እንደገና ትጽፋለች። በመሃል ስልኳን ከፍታ ውጤት ወጥቶ እንደሆነ ታያለች። አልወጣም።

አንጋጫ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ ማስተማር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። በየካቲት አዲስ አበባ ሄዳ የአንድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የማስተርስ መግቢያ ፈተና ተፈትናለች። ያለፈ ሰው ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፤ ሲቀርብም ከአካባቢው አንድ የገበያ ጥያቄ መርጦ፣ በዓይኑ ያየውን ማስረጃ ይዞ ማስረዳት አለበት። አምና ለዚሁ ደርሳ ከመጽሐፍ የቀዳችውን ይዛ ገብታ ነበር። "ይሄን አንቺ የት አየሽው?" ሲሏት የመጽሐፉን ስም ጠራችላቸው፤ ሳያሳልፏት ቀሩ። የሚፈቀደው ሁለት ጊዜ መሞከር ብቻ ነው፤ ይሄኛው ሁለተኛዋ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ውጤቱን እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም። ጥያቄዋን ያገኘችው እዚሁ ወንበር ላይ ነው። ታሪፉ ያው፣ ተራው ያው ሆኖ ሳለ መኪናው አንዳንድ ቀን በአሥር ደቂቃ ሞልቶ ይወጣል፤ ሌላ ቀን አርባ ደቂቃ ይገተራል። ለምን?

"ጵርሲ፣ ዛሬስ ስንት ተጻፈ?" ይሏታል አብረዋት የሚመላለሱት የሒሳብ አስተማሪ፣ ጋሽ አሳምነው።

"ዘጠኝ ደቂቃ፣ ጋሼ።"

"እኔ ሃያ ዓመት ተቀምጬበት አንድ ቀን ለምን አላልኩም። ለካ ሳልማር ነው የማስተምረው።"

የሠላሳ አንድ ማለዳ መዝገብ ከያዘች በኋላ መልሱ የተገኘ መሰላት። የገበያ ቀን መሆኑ ለውጥ አላመጣም፤ ሾፌሩም ቢሆን። ለውጥ ያመጣው ዝናብ ነው። በዘነበ ቀን መኪናው ይዘገያል። ሰው ዝናብ ፈርቶ ከቤቱ ቶሎ አይወጣም ብላ ጻፈች። ያስቸገሯት ሁለት ቀኖች ብቻ ነበሩ፤ ሚያዝያ ሃያ አንድና ግንቦት አራት። ሁለቱም ቀን ጠብታ አልወረደም፤ መኪናው ግን ተገትሮ ነበር። ሁለቱን ቀኖች መሰረዝ ትችል ነበር። እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ደብተሩን ይዛ የመናኸሪያውን ተራ አስከባሪ ዮሲን ጠየቀችው። ዮሲ ቀኖቹን በጣቱ ቆጥሮ፣ አስታውሶ፣ ሳቀ።

"ጋውንሽን ያልለበስሽ ቀን ነዋ፣ ቲቸር።"

"የኔ ጋውን ከመኪናው ጋር ምን አገናኘው?"

"ሰው ነጩን ጋውን ካየ መኪናው ሊወጣ ነው ይላል። አስተማሪ ማርፈድ አይችልማ። አንቺ ከገባሽ እነሱም ይገባሉ። ሁልጊዜ በሩ ጋ የማስቀምጥሽ ለክብርሽ መስሎሽ ነው?"

ጋሽ አሳምነው ከኋላ ወንበር ሳቃቸውን ለቀቁት። የእሳቸው ጋውን ትምህርት ቤት ነው የሚያድረው፤ ማንም አይቶ አይከተላቸውም።

ጵርስቅላ አልሳቀችም። ያላት ጋውን አንድ ነው፤ ዝናብ ሲኖር ጭቃ እንዳይረጭበት አጥፋ በፌስታል ትይዘዋለች። ሚያዝያ ሃያ አንድና ግንቦት አራት ደግሞ በዋዜማው ጋውኑን ትምህርት ቤት ረስታ፣ ያለ እሱ የመጣችባቸው ቀኖች ናቸው። ሠላሳ አንድ ቀን ሙሉ ሾፌሩን፣ ሰማዩንና መንገዱን ስትመዘግብ፣ በሩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት አልመዘገበችም።

ዮሲ የነገራት ግን እስካሁን ወሬ ነው። "የት አየሽው?" ቢሏት "ተራ አስከባሪው ነገረኝ" ልትል ነው?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ሳለች ውጤቱ ወጣ። አልፋለች። ቃለ መጠይቁ ሰኔ አሥራ አንድ ነው፤ አሥር የሥራ ቀን ቀርቷታል። ጋሽ አሳምነው እጇን ጨብጠው፣ "እንግዲህ ዝናቡን ሰርዢው" አሏት።

"አልሰርዘውም። ጋውኑን ከዝናቡ መለየት ነው ያለብኝ። በጠራ ቀን አውልቄ፣ በዘነበ ቀን ለብሼ መሄድ አለብኝ።"

"ጭቃውስ?"

"አጥበዋለሁ።"

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። እንዳታረፍድ ብላ ቀድማ ብትመጣ ሰዓቱ ከሠላሳ አንዱ ቀን ጋር ስለማይመሳሰል መዝገቡ ይበላሻል፤ በተለመደው ሰዓት መጥታ መኪናው ከተገተረ ደግሞ እንደ ሌላው የተገተረ ቀን ሁሉ ደወል ያመልጣታል። ስለዚህ አንጋጫ የምትኖረውን የታሪክ አስተማሪ፣ ትርሲትን፣ ክፍለ ጊዜ እንድትቀይራት ለመነቻት።

የአርብ ማለዳ ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ጋውኑ በፌስታል ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትርሲት ታስተምራለች። ጵርስቅላ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ብላ ጻፈችና መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ ጀመረች።