ከአማቴ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር አትክልት ስፍራ

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ሰፈር ከክሬሰንት ታውን ስንነሳ የጉዞው ዓላማ አበባ ማየት ነበር፤ አማቴ እትዬ አስካለ ያሉት እንደዚያ ነው። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ ፈገግ ብዬ እጅ ስነሳ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። እኒሁ ሴት ባለቤቴ ሰናይት ሥራ የሄደችበትን ሰዓት ጠብቀው «ሐይቅ ዳር ያለውን አትክልት አሳየኝ፤ እኔና አንተ ብቻ» አሉኝ። «ለልጄ አትመጥናትም» ሊሉኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

በመንገድ ላይ

ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ በኪንግስተን መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን። ክንዴን ጨምድደው እንደያዙ ተቀመጡ። መሐል ላይ ሰናይት ኮል አደረገች።

«ገበያ ነን በላት» አሉኝ በሹክሹክታ።

ዋሸሁ። ጥርጣሬዬም ባሰ።

አትክልት ስፍራው

ቦታው ድሮ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ግቢ ነበር። ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤት ዛሬም ቆሟል። መግቢያው በነጻ ነው። ጽጌረዳው ፈክቷል፤ ከገደሉ ሥር ኦንታሪዮ ሐይቅ ማዶው የማይታይ ባሕር መስሎ ተዘርግቷል።

«አበባው ይኸው፣ እትዬ።»

«አየሁት» አሉና ወደ ድንጋዩ ቤት እያዩ አለፉ።

ምን እየፈለጉ ነው? ከፍ ባለው መደብ ላይ የተተከለውን ናና ቅጠል ቀንጥሰው አሸተቱ። ውሃ የምታጠጣው አትክልተኛ በጎሪጥ አየችን። ወዲያው እትዬ ደረጃው ላይ እግራቸውን ሳቱ፤ ሊወድቁ ሲሉ ደገፍኳቸው።

«ደረጃውን አላዩትም እንዴ?»

«አላየሁትም» አሉ ቀስ ብለው። «የአንተንም ፊት አላውቀውም። በድምፅህ ነው የምለይህ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዓይናቸው ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ጭጋግ እንደለበሰ ነገሩኝ።

«በጠራ ቀን፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ምን ያህል እንደቀረኝ ልሞክረው ብዬ ነው። ሰናይት ከሰማች ሥራዋን ትታ እኔን ልትጠብቅ ነው። አንተ ሐኪም ጋ ውሰደኝ፤ እሷ አትወቅ።»

«እወስድዎታለሁ። ከእሷ ግን አልደብቅም።»

 የያዝነውን ዳቦ በእንቁላል ቆርሰው ሰጡኝ።

«እንግዲያው አብረኸኝ ንገራት» አሉ።

መልስ

አውቶቡሱ ውስጥ አፍሬ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስጠረጥራቸው አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነው ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ እሱን ነው።

በኋላ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሳል አለን፤ ያን ቀን ግን ይህን ያወቀ አልነበረም። ማታ አብረን ስንነግራት ሰናይት አለቀሰች፤ ቀጥላም በእኔ ላይ ዞረች።

«አንድ ቤት እየኖርክ እንዴት አላስተዋልክም?»

 እትዬ አስካለ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እሱን ተይው! አንቺስ አስተውለሻል?»

 ሰናይት ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋች።