ገላጋይ በቦጎታ

ባሌ ጠብ አይቶ ማለፍ አያውቅም። እዚህ ሜልቦርን፣ የዌሪቢ ባቡር ላይ ሁለት ሰካራሞች ሲቧቀሱ መሃላቸው ጥልቅ ብሎ ሸሚዙን አስቀድዶ ቤት ገብቷል። ትሩጋኒና በሚባለው ሰፈር በሚሠራበት መጋዘን ደግሞ ሁለት ሹፌሮችን ሊገላግል ገብቶ፣ ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ለእሱ ነው። «ምን አገባህ? እዚህ አገር ፖሊስ ነው የሚጠራው!» እለዋለሁ። «ሰው ሲጋደል ቆሜ ልይ?» ይለኛል። እንዲህ ሲል አንጀቴ ቅጥል ይላል።

ልጃችን ሜልቦርን የተዋወቀችውን የኮሎምቢያ ልጅ ልታገባ ነበርና ሠርጉ እነሱ ዘንድ፣ ቦጎታ እንዲሆን ተወሰነ። እኔም ሺፍቴን አስቀይሬ፣ ባሌም እረፍቱን ወስዶ ተያይዘን ሄድን። ከአውሮፕላን ስወርድ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ ነበር። በሠርጉ ዋዜማ የልጄ እጮኛ «አሮጌውን ሰፈር ሳታዩማ አይሆንም» ብሎ ላ ካንደላሪያ ወሰደን።

ሰፈሩ ያምራል፤ ምን እዋሻለሁ። መንገዱ ጠባብ፣ ዳገታማ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ግድግዳው አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ሰገነቶቹ ሁሉ የእንጨት። ቀና ሲሉ ተራራው ጫፍ ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። አየሩ ስስ ስለሆነ እኔ እያለከለክሁ እራገማለሁ፤ ባሌ ግን እንደ ልጅ ደስ ብሎት ያገኘውን አሮጌ በር ሁሉ በመዳፉ ይደባብሳል። «ይሄ እንጨት ስንት ንጉሥ አሳልፎ ይሆን?» ይላል። እጮኛው በእንግሊዝኛ የቤቶቹን ታሪክ ይነግረናል፣ ልጄ ፎቶ ታነሳለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠዋት የደላኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

አንዱን ጥግ ስንታጠፍ ፍራፍሬ በጋሪ የሚሸጥ ሰውዬ ከአንድ ወጣት ጋር ተናንቋል። በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወጣቱ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፤ ጉልበታም ነው። የሰውዬውን ፀጉር ጨምድዶ ፊቱን ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል። ቢጫው ግድግዳ በደም ተለቅልቋል። ሰዉ ራቅ ብሎ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። እጮኛው «በሌላ መንገድ እንሂድ፣ ቶሎ» አለን። እኔ የባሌን ጃኬት ልይዝ ዞር ስል፣ የለም።

ያደረገው እኛ አገር የሚደረገውን ነው። አሸናፊውን ከኋላው ሄዶ ሁለት ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቆ አቀፈውና ጎተተው። እኛ ዘንድ አንዱ አንዱን ሲይዝ ሌላው ሌላውን ይይዛል። አዛዥ አያስፈልግም፤ አላፊ አግዳሚው ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ይጎትታል። ባሌ «በቃ! በቃ ወንድሜ!» እያለ በአማርኛ ይጮኻል፣ ያኛውን የሚይዝለት ሰው ይጠብቃል። አንድም ሰው አልመጣ።

ሰውዬው ከግድግዳው ተላቀቀ። ዓይኑ ውስጥ የገባውን ደም በክንዱ ጠረገና ከጋሪው ላይ አናናስ የሚቆርጥበትን ቢላ አነሣ።

«ልቀቀው! አንተ፣ ልቀቀው!» ብዬ ጮህኩ። ልጄም «ዳድ! ሌት ሂም ጎ!» ትላለች። ባሌ ግንባሩን ወጣቱ ጀርባ ላይ ደፍቶ ስለነበር ቢላውን አላየም። ወጣቱ አይቷል። ለማምለጥ በተፈራገጠ ቁጥር ባሌ ሊማታ መስሎት የባሰ ያጠብቀዋል። ኧረ በማርያም! ቢላው መጀመሪያ የወጣቱ ሆድ ውስጥ ገባ፣ ቀጥሎ አንገቱ ላይ። ለባሌ ነገሩ የገባው ልጁ በእቅፉ ውስጥ ሲዝል ነው። ሰውዬው ቁልቁል ሮጠ። ባሌ ልጁን ታቅፎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ቁስሉን በመዳፉ ደፈነ፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መሃል እየተንዶለዶለ ይወጣል።

አምቡላንስ ልጁን ወሰደው። ፖሊሶች እኛን ለምስክርነት ይዘውን እዚያው ሆስፒታል ሄዱ። እጮኛው እያስተረጎመ ቃላችንን ተቀበሉንና «ጥፋት የለባችሁም፣ ሊረዳ ነው የገባው» አሉን። እፎይ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ወጥቶ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ሞቷል።

እናቱ በቤት ነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች፣ አጭር ሴትዮ። ነርሷ ወደ ባሌ እየጠቆመች፣ ይህ የውጭ አገር ሰው ልጅሽን እስከ መጨረሻው አቅፎት ነበር አለቻት፤ እጮኛው ነው የተረጎመልን። ሴትዮዋ መጥታ ደም የደረቀበትን እጁን ይዛ ሳመችው። ባሌ እጁን መነጨቀ።

«ንገራት» አለው እጮኛውን በእንግሊዝኛ። «እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባልይዘው ኖሮ ያመልጥ ነበር በላት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» አልኩት። «ዝም በል! ልጅህን ልትድር ነው የመጣኸው!»

እጮኛው ፊቱ አመድ መስሎ እኔን አየኝ። ባሌ «ንገራት ብዬሃለሁ» አለ፤ ድምፁን ሳይጨምር። እጮኛው ነገራት።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ በጥፊ አጮለችው። ደገመችው። በቡጢ አፉን፣ ደረቱን፣ ያገኘችውን ትነርተው ጀመር፤ መነጽሩ ወድቆ ተሰበረ፣ ከንፈሩ ተተረተረ፣ በጥፍሯ ጉንጩን ቧጠጠችው። ደሜ ፈላ። ባሌ ነው! ልዘልባት ተነሣሁ፣ ፖሊሱም ከወንበሩ ተነሣ፣ እጮኛውም ክንዷን ሊይዝ እጁን ሰደደ።

«ማንም እንዳይገላግለን!» ብሎ ጮኸ ባሌ።

በአማርኛ ስለነበር ከእኔና ከልጄ በቀር ያለው የገባው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን ባለበት ቆመ። ባሌ እጁን ወደ ጎኑ አወረደላት። ሴትዮዋ ክንዷ እስኪዝል ደበደበችው።