ወደ ፀሐይ መውጫ የዞረው ሚህራብ

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ አብዮቱ ሊመጣ ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ሲቀረው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዘመን የምቆጥረው በክረምትና በልጆቼ ጥርስ ነበር። ከልቤ ያልወጣው፣ እውነቱን እያወቅኩ ሦስት ጊዜ ተናግሬ የሚሰማኝ ስላጣሁ ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ኮልፌ ውስጥ አንዲት ትንሽ መስጊድ ትሠራ ነበር። የሚያሠሩት አንድ የቆዳ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። ግንበኛው ጋሽ ተክሌ ነው፤ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ አበልጄ። በሀገሩ ስንት ቤተ ክርስቲያን የገነባ፣ ድንጋይ እንደ ዳቦ የሚቆርስ ሰው ነበር። ባሌ ታሞ የተኛ ጊዜ እዚያ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። እኔ ከቦኖ ውሃ በእንስራ እየቀዳሁ ለኖራና ለሲሚንቶ ማቡኪያ አመላልስ ነበር።

ሐጂ ሥራውን አስጀመሩና ለንግዳቸው ወደ ጅማ ሄዱ። “ለረመዳን እንሰግድበታለን፤ አደራ ተክሌ” አሉት። ስለ ሚህራቡም ነገሩት። ሚህራብ ኢማሙ ከሰዉ ፊት ሆኖ የሚያሰግድበት፣ ግድግዳው ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ከላዩ በቅስት የሚዘጋ ቦታ ነው። መካ ባለችበት በኩል ነው የሚሠራው፤ ያንን አቅጣጫ ቂብላ ይሉታል። ሐጂ ግን ይሄን ሁሉ አላብራሩም። “ከበሩ ስትገባ ፊት ለፊትህ ባለው ግድግዳ መሀል” አሉ፣ ሄዱ።

በሳምንቱ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። በሩ ሊከፈት የታሰበበትን፣ ከእንጦጦ ተቃራኒ ያለውን ጎን ጎርፍ ቦርቡሮ ገደል አደረገው። ጋሽ ተክሌ ምን ያድርግ? በሩን በወጨጫ ተራራ በኩል፣ ፀሐይ መግቢያ ላይ አደረገው። በሩ ሲዞር “ፊት ለፊት” የተባለውም አብሮ ዞረ። ሚህራቡ ፀሐይ መውጫ ላይ አረፈ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ስህተቱን ገና መሠረቱን ሳይ አወቅሁት። በምን? በቤቴ በር።

የምኖረው ከእትዬ ዘይነባ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቼ ነበር። እትዬ ዘይነባ በረንዳዋ ላይ ምንጣፏን ዘርግታ ትሰግዳለች። ፊቷ ሁልጊዜ ወደ እንጦጦ ነው። በእንጦጦ በኩል ያለው፣ ከፊቷ ድቅን ያለው ደግሞ የእኔ በር ነው። በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም። ስለዚህ እሷ ቆማ እስክትጨርስ እኔ እስረኛ ነኝ። ያጠብኩትን ልብስ ዝናብ ሲደበድብብኝ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ የቆምኩበት ቀን አለ። አራት ዓመት እንዲህ ኖሬ፣ ቂብላ ወዴት እንደሆነ ማን ሊያስተምረኝ ነው?

“አበልጄ፣ ይሄ ጎድጓዳው ነገር እንኳን ወደ እንጦጦ ነው መሆን ያለበት” አልኩት እንስራዬን ሳወርድ።

ሲሚንቶ የሚለስንበትን ካዞላ እንደያዘ ዞሮ አየኝ። “ከመቼ ወዲህ ነው ሼህ የሆንሽው?”

“እትዬ ዘይነባ ወደዚያ ነው የምትሰግደው።”

“እሷማ ቦታ ጠቧት ይሆናላ! ስሚ የሺ። በምዕራብ በር ትገቢያለሽ፤ ቅኔ ማኅሌቱን አለፍሽ፣ ቅድስቱን አለፍሽ፣ በምሥራቅ መቅደሱ ነው። የእግዚአብሔር ቤት ፊቱ ፀሐይ መውጫ ነው። እንዲያውም ጎርፉ ነው በሩን ወደ ደንቡ የመለሰው!”

ባሬላ የተሸከሙት ሁሉ ድንጋዩን አስቀምጠው ሳቁ። “ሼህ የሺ! ሼህ የሺ ውሃ አምጪ!” እያሉ እስከ ቦኖው ሸኙኝ። ስሙ እስከ ሥራው መጨረሻ አልለቀቀኝም።

ማታውን ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳት።

“ውይ በሞትኩት! ወደ ፀሐይ?” አለች። ከዚያ አሰብ አደረገችና፣ “እኔ ሄጄ ወንዶቹን ላስተምራቸው? ባሌም ከሐጂ ጋር ጅማ ነው” አለች። ለምኜ ለምኜ፣ ለአንድ የሰፈር ሽማግሌ እንድትነግር አደረግኋት። የሽማግሌው መልስ በማግስቱ መጣ፦ “ሐጂ መካን በዓይናቸው አይተው የመጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ቂብላ ይስታሉ?” አለቀ። ለማየት እንኳን አልመጡም።

ሁለተኛ ጊዜ ጋሽ ተክሌን በሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ ምሳ ሰዓት ለብቻው ጠብቄ ነገርኩት። እሱ ያን ሰሞን የቅስቱን ድንጋዮች በመሮ እየጠረበ ነበር። አንዱን ከአንዱ ጋር ሲገጥማቸው ምላጭ አያስገቡም። ላዩ ላይ ሐረግ ፈለፈለበት፤ ሐረጉ ቅጠል አለው፣ ቅጠሉም ጅማት አለው። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም። ገና አፌን ስከፍት “አበልጄ ባትሆኚ ኖሮ ዛሬ አሰናብትሽ ነበር” አለኝ። ደግ ሰው ነበር፤ እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። እንስራዬን አንስቼ ተመለስኩ።

ሦስተኛው ቅስቱ የሚዘጋበት ቀን ነው። መሰላሉ ላይ ወጥቶ የመሀሉን ድንጋይ በሁለት እጁ ይዟል። ከሥሩ ቆሜ፣ “በልጄ ይዤሃለሁ አበልጄ፣ ሐጂ እስኪመጡ አትዝጋው” አልኩት።

“ውሃው የታለ?” አለኝ።

ድንጋዩን አስገባው፣ በቱምቢ ቀጥ ማለቱን ለካ፣ ዘጋው። እኔም ወደ ቦኖው ሄድኩ። መንገድ ላይ በንዴት አለቀስኩ።

ሐጂ የመጡት ለረመዳን አሥራ አምስት ቀን ሲቀር ነው። ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፏል። ጋሽ ተክሌ ኮቱን ለብሷል። ሐጂ በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ቅስቱን አዩ፣ እጃቸውን ሐረጉ ላይ አሳረፉ። “ማሻአላህ! ማሻአላህ! ይሄ እጅ ይባረክ!” አሉ። ከዚያ ምን እንደተሰማቸው እንጃ፣ ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ እንጦጦ አዩ። ባዶውን ግድግዳ አዩ።

“ተክሌ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ሚህራቡ ነዋ ሐጂ። እንዳዘዙኝ፣ ከበሩ ፊት ለፊት።”

“በሩን ማን አዞረው?”

“ጎርፍ።”

“እና ወዴት ልትሰደን ነው? ሁላችንንም ቄስ ልታደርገን ነው?”

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ተክሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ምናለ አንድ ሰው እንኳን ቢነግረኝ!” አለ።

እንስራው ጀርባዬ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ። እነዚያ “ሼህ የሺ” ይሉኝ የነበሩት አንገታቸውን ደፍተዋል። የጋሽ ተክሌን ፊት አየሁት፤ ኖራ መስሏል። በዚያ ላይ እኔ ልጨምርበት? አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ሐጂ ቅስቱን አላስፈረሱትም። “ይሄን የመሰለ ሥራ አይፈርስም፤ ቁርአን ይቀመጥበት” አሉ። በእንጦጦ በኩል ያለው ግድግዳ ተፈነቀለና ሌላ ሚህራብ በጥድፊያ ተሠራ፤ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሐረግ የሌለው። ውሃውን ማን እንዳመላለሰ ታውቃላችሁ። ለረመዳኑ ደረሰ።

ጋሽ ተክሌ ከዚያ በኋላ በየፋሲካው ቤቴ እየመጣ፣ የሠራሁትን ዶሮ እየበላ፣ “የሐጂ አነጋገር ነው ያሳሳተኝ” እያለ ሲያወራ ኖረ። እኔ ወጥ እጨምርለታለሁ። አሁን እሱም የለም፤ ነፍሱን ይማረው።

ያለፈው ወር ቤቴል ሰፈር፣ ልጄ ጋ ሰንብቼ ስመለስ እግሬ እንደ ልማዱ አላርፍ አለኝ። ኮልፌ ስደርስ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ አዘገምኩ። መስጊዷ ሰፍታለች፣ ሚናራ አውጥታለች። አሮጌው ክፍል ግን አለ፤ በሩም እዚያው ነው። ከደጅ ሆኜ ወደ ውስጥ ሳይ፣ ፊት ለፊቴ ያ ቅስት ከነሐረጉ! መጻሕፍት ተደርድረውበታል።

አንድ ጨዋ ወጣት ወንበር አመጣልኝ። “ያምራል አይደል እማማ? የድሮ ግንበኞች አዋቂ ነበሩ። ቁርአን ማስቀመጫውን ገና ሲገነቡት አስበውበት ነው” አለኝ።

“አይ ልጄ፣ በስህተት ነው” አልኩና ከጎርፉ ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ ትከሻዬን ዳበስ አደረገና፣ “ዕድሜ ነው እማማ፤ ከሌላ ቦታ ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል” አለኝ።

ምርኩዜን አንስቼ ወጣሁ። እስከ ፌርማታው ድረስ ያ እንስራ ጀርባዬ ላይ ያለ መስሎኝ ጎብጬ ነበር የሄድኩት። ቅስቱ ያምራል፤ እሱን እኔም አልክድም። ግን ነግሬዋለሁ። ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።