ከመስኮቱ እስከ ደረጃው

ነፋሲት ብሎ ስም ያወጣላት የግቢው ዘበኛ ነው። መጥረጊያ ካነሳች አቧራው ቀርቶ ሰውም ከፊቷ አይቆምም፤ «ሽሹ፣ ነፋሲት መጣች!» ይል ነበር። ስሙም በዚያው ጸደቀላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረገችው ግቢ ድሮ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። እሳት ከበላው ወዲህ ግን በዚያ ለሞቱት አርባ አንድ ሠራተኞች መታሰቢያ ሆኗል።

ከአርባ አንዱ አንዷ ታላቅ እህቷ ናት። ነፋሲት ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ በየቀኑ ምሳ ታደርስላታለች። በጠረጴዛዎቹ መሃል ስታልፍ አንዷ ጉንጯን ትቆነጥጣታለች፣ ሌላዋ የጨርቅ ቁራጭ ታሲዛታለች። ማን የት እንደሚቀመጥ ያወቀችው እንዲያ ነው፣ በእግሯ። እሳት ደግሞ የሚበላው ቤት ብቻ አይደለም። እህትየዋ ስትሞት የቤቱ ገቢ አብሮ ሞተ፣ ነፋሲትም ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ሥራ ገባች። ፊደል ጨርሶ አልጠፋባትም፤ ግን ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ ሰው ካያት ደግሞ ፊደሉ ይሸሻታል።

አሮጌው አስጎብኚ ጡረታ ሲወጡ ቢሮ ገባችና «ሥራውን ለእኔ ስጡኝ» አለች።

ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት። ሳቀች፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «እትዬ፣ እንዴት ብለው? ስሞቹን ማንበብ አለ እኮ።»

«ማንበብ ለማያውቃቸው ነው። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«ይሁን፣ በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ እኔም ከኋላ እከተላለሁ። ከሆነልዎት ሥራው የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳያነሱብኝ።»

በመሃሉ የነፋሲት ልጅ ወለደችና ልታርሳት ሄደች። እሷ በሌለችበት ግንበኞች መጥተው የሟቾቹ ስም የተቀረጸባቸውን በግድግዳው ላይ ያሉትን ስድስት እምነበረዶች አውርደው አጠቡ፣ መልሰውም ሰቀሉ። ረቡዕ ማታ ስትመለስ ዘበኛው «ታጥበው አበሩልሽ» አላት። ከዚህ ሌላ የነገራት የለም።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ጎብኚዎች መጡ። በዚያ ቤት አስጎብኚ ፊቱን ለእንግዳ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚያወራው። ወጣቶቹ አስጎብኚዎች ደረጃው ላይ ይሰናከላሉ። ነፋሲት ግን ዕድሜዋን ወለል ስትወለውል የኖረች ናት፤ ወደ ኋላ መሄድ ማን እንደ እሷ! በሩን፣ አዳራሹን፣ እሳቱ የተነሳበትን ጥግ አንድ ቃል ሳይዛነፍ አሳየች። ኃላፊዋንም ከኋላ በአዎንታ ራሷን ስትነቀንቅ አየቻት።

ግድግዳው ጋ ስትደርስ ዞር ሳትል መዳፏን ወደ ኋላ ዘረጋች። «ይኸ የመጀመሪያው ድንጋይ የመስኮቱ ረድፍ ነው። ኮሌታ ሰፊዎቹ እዚህ ነበሩ፤ ኮሌታ ብርሃን ይፈልጋል። ከላይ ያለችው እህቴ ናት። ክር በጥርሷ የምትበጥስ፣ ሳታንጎራጉር መስፋት የማይሆንላት።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጡረተኛ መምህር ጠጋ አለ። «ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ከየስሙ ሥር የተጻፈው ካውያ ተኳሽ ነው። ሁሉም ተኳሾች ናቸው።»

«ሴትዮዋ መታሰቢያ ተሳስታ ነው የገባችው» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ኃላፊዋ መሬት መሬቱን አየች።

ነፋሲት ዞረች። ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተበተኑባት። ጣቷን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ፣ ማንም ቢያያት ግድ ሳይላት፣ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ካ፣ ው፣ ያ። እውነቱን ነው። አሁን «ተሳስቻለሁ» ካለች ነገሩ አበቃ። ግን እንዴት ትሳሳታለች? በእግሯ ያወቀችውን!

«ያነበቡት ልክ ነው» አለችው። «እኔም ልክ ነኝ። የተሳሳተው ድንጋዩ ነው።»

«ጉድ! ድንጋይም ይሳሳታል እንዴ?» አለች አንዲት ጎብኚ።

«የሰቀለው ከተሳሳተማ! ይከተሉኝ።»

በአዳራሹ ማዶ ጫፍ፣ ደረጃው ሥር፣ ከወለሉ ብቅ ያለ፣ ክንድ የሚያክል ቁራጭ ቧንቧ አለ። «ካውያዎቹ እንፋሎት የሚያገኙት ከዚህ ነበር። ተኳሾቹ ይኸን ትተው መስኮት ሥር ምን ይሠራሉ? ስድስቱ ድንጋዮች ስድስቱ ረድፎች ናቸው፣ ከመስኮቱ እስከ ደረጃው። አብሮ የዋለ አብሮ ይሁን ብለን የለመንነው እኛ ቤተሰቦቹ ነን። ግንበኞቹ ግን ከመስኮቱ መጀመር የነበረበትን ከደረጃው ጀምረው ገልብጠውታል። እስቲ የመጨረሻውን ድንጋይ ያንብቡልኝ።»

መምህሩ መነጽሩን አውርዶ ደረጃው አጠገብ ወዳለው ድንጋይ ሄደ። «ኮሌታ ሰፊ... ኮሌታ ሰፊ...» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከላይ ያለችው እህትሽ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ማን ይናገር የነበረ!» አለ መምህሩ፣ ወደ ሳቁት ሰዎች ዞሮ።

ኃላፊዋ ወደ ፊት መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ሳምንት ሙሉ ስሞቹን ሲያነቡ ከርመው አንዱም ልብ አላለም። «ተስተካክሎ ተሰቅሏል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች፣ እንግዶቹ እየሰሙ። «ነገ ግንበኞቹን እጠራለሁ። እትዬ፣ የቅዳሜውን ጉብኝት እርስዎ ይያዙት። ከዚያም በኋላ ያለውን።»

«እይዛለሁ። ግን ነገ እነሱ ሲሰቅሉ አጠገባቸው ቆሜ ነው የምውለው። ስድስቱም ቦታቸው ሳይገቡ ወደ ቤቴ አልሄድም።»

«እሺ፣ ይቁሙ።»

ነፋሲት ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች። «በሉ እንቀጥል። ሁለተኛው ረድፍ ቁልፍ ተካዮቹ ናቸው፤ ለዛሬ አምስተኛው ድንጋይ ላይ ነው የምታገኟቸው። እነሱ ደግሞ ወሬኞች ነበሩ፣ እነሱ ጋ ትንሽ እንቆያለን።»