ምስጥ ያልበላው ዱዓ

ከሚሴ ውስጥ ማመልከቻ ማጻፍ የፈለገ ሰው ሳቢራ አደምን አያጣትም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ባጃጆች ከሚደረደሩበት ጥግ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ቤት አለቻት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒና ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር፤ ሌላ ነገር አይችልም ቤቱ። ሳቢራ አፏ ስለታም ነው። አንድ ገጽ ጽፋ እስክትጨርስ ሦስት ሰው ትቆጣለች። ጣቷ ግን አይሳሳትም። እንዲህ መጻፍ ማን እንዳስተማራት የጠየቃት ካለ ቁጣዋ ሁሉ ይበርድና፣ "ጋሼ ሙሐመድዘይን ናቸዋ! አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው" ትላለች።

ሙሐመድዘይን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ሳቢራ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት በተቀመጠች ጊዜ፣ በትምህርት ቤቱ አንድ ለእናቱ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው ያለ ምንም ክፍያ አስተማሯት። እሳቸው ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር የሽማግሌ ዱዓ ይሰበስቡ ነበር። ሰንበቴ ገበያ ላይ የተጣላ ሲታረቅ፣ ጨፋ ላይ ማሽላ ሲታጨድ፣ ኒካህ ሲታሰር፣ ሽማግሌው የመረቀውን ቃል በቃል ይጽፋሉ፤ አማርኛውን በአማርኛ፣ ኦሮምኛውን በኦሮምኛ።

ከመራቂዎቹ አንዱ የሳቢራ አባት አደም ነበር። አደም ፊደል አልቆጠረም፤ ሲመርቅ ግን ትኩሳት የያዘው ሰው እንኳን ይሻለዋል ይባል ነበር። ዱዓው በተጻፈ በዓመቱ ሞተ። የታተመውን ወረቀት ምስጥ በላው፣ የመምህሩም ዓይን ቀስ በቀስ ጠፋ። የቀረው በአንድ ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ብቻ ነበር።

ታዲያ የሳቢራ ልጅ የሩመይሳ የኒካህ ቀን በተቆረጠ ጊዜ፣ እናትየው አንድ ነገር ተመኘች። የሞተው አያቷ በዚያ በተጻፈው ቃሉ ይመርቃት ብላ። ኒካሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ መምህሩ ቤት ሄደች።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሼ።"

"ወዓለይኩሙ ሰላም! አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉ፣ ልጄ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው። የመጣችበትን ሲሰሙ ፍላሹን ከኪሳቸው አወጡ። "ውሰጂ። ብቻ ዋናውን እንዳትነኪ፣ ገልብጠሽ ሥሪ።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ አይደል የሚነግሩኝ?"

"ገና እነግርሻለሁ።"

ፋይሉን ስትከፍተው ዶሮ የጫረው መሬት መሰለ፤ የላቲን ፊደል፣ ነጠብጣብ፣ ቅንፍ። አላስደነገጣትም። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሩ የኛን ፊደል አያውቅምና፣ የፈረንጁን ፊደል ፎንት የሚባል የግዕዝ ልብስ አልብሰው ነበር የሚጽፉት። ዛሬ ልብሱ የለም፣ የቀረው ራቁቱን ነው። ዛሬ በሚሠራበት፣ ዩኒኮድ በሚባለው አሠራር ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደነበር ማን ያስታውሳል? የሳቢራ ጣቶች ያስታውሳሉ። የድሮውን አጻጻፍ በእነዚያው ጣቶች ነበርና የተማረችው፣ በደብተር ላይ "ይህ ለ፣ ይህ ሉ" እያለች ከሁለት መቶ በላይ ምልክት ዘረዘረች። ከዚያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተች። መጀመሪያ አይኮንቭ በምትባለው ትእዛዝ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ አሻገረች፤ ቀጥላ ምልክቱን ሁሉ በዝርዝሯ መሠረት አስለወጠች። አማርኛው ፍንትው ብሎ ወጣ። አልሐምዱሊላህ ብላ ጮኻ ደንበኞቿን አስደነገጠች።

የአባቷን ስም ፈለገች። "አደም፣ ጨፋ፣ ማሽላ ሲታጨድ" ይላል። ከሥሩ ያለው ግን ማንም የማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ሰው የማይናገረው የፊደል ክምር። ሳቢራ ክው አለች። ኒካሁ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ማሽኑን ሰደበችው፣ ፍላሹን ሰደበችው፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣውንም ሰውዬ አልማረችውም። በመጨረሻ መጋረጃዋን ዘግታ ወደ መምህሩ ሄደች።

"ጠፍቷል ጋሼ። የአባቴ ብቻ ጠፍቷል።"

"አደም በምን ቋንቋ ነበር የሚመርቀው?" አሏት።

ሳቢራ ራሷን በእጇ መታች። በኦሮምኛ ነዋ! ኦሮምኛውን መምህሩ የጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ልብስ አያስፈልገውም ነበር። እሷ ግን አማርኛውን ስታለብስ ኦሮምኛውንም አብራ አለበሰችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

"ዋናውን ነክተሻል?"

"አልነካሁም።"

"እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል? ኦሮምኛውን ሁልጊዜ ለብቻው መስመር ነበር የምጽፈው፤ ከአማርኛው ጋር አልቀላቀልኩም።"

ሳቢራ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ያን ምክራቸውን ባትሰማ ኖሮ አባቷን በገዛ እጇ ትሰርዘው ነበር። ተመልሳ ከዋናው ፋይል እንደገና ጀመረች። አሁን የጻፈችው ትእዛዝ፣ ከተራ የላቲን ፊደል በቀር ምልክት የሌለበትን መስመር አትንካ የሚል ነው። የአባቷ መስመሮች ሳይነኩ፣ ደህና ሆነው ወጡ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰው ተደርድሮ እያየ አለቀሰች፤ የዚያን ቀን ማንንም አልተቆጣችም።

እሑድ ኒካሁ ከታሰረ በኋላ ሳቢራ ወረቀቷን ይዛ ብድግ አለች። ሽማግሌ ሞልቶ ሴት ልትመርቅ መነሣቷ ያልጣማቸው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"የምትመርቀው እሷ አይደለችም፣ አደም ነው" አሉ ሙሐመድዘይን ከተቀመጡበት።

ሳቢራ አባቷ በተናገረበት ቋንቋ አነበበች። ማሽላችሁን ወፍ አይልመደው፣ ከብታችሁ የቦርከናን ወንዝ ጠጥቶ በደህና ይግባ ይላል። መጨረሻውን መስመር ወደ ሩመይሳ ዞራ አነበበችው። ዓይኔ የማያየው የልጄ ልጅ፣ ወንድ ብትሆን አንተን፣ ሴት ብትሆኚ አንቺን፣ ራቢን ሃ ኤቢሱ፣ ጌታ ይባርክ።

ከሁሉ ቀድማ አሚን ያለችው ሩመይሳ ነበረች። አያቷ ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።