ግማሽ ሰዓት የዘገየ ጥላ

በዚያ የሚያዝያ ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጻፍ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ነጭ ኮት የለበሰ ጣሊያናዊ። ከጎኑ አስተርጓሚው፣ የሐማሴን ሰው። አማርኛ የሚያስተምሩት መሪጌታ። ሥራቸውን ለውድድር ያቀረቡ አራት ተማሪዎች፦ ከእንጨት ማኪና የሠራው፣ ከሸክላ አፈር የነገሥታቱን ግንቦች አምሳል ያበጀው፣ ውኃ መሳቢያ መዘውር ያመጣው፣ አራተኛው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ካለች የቤተ እስራኤል መንደር የመጣው የቀጥቃጭ ልጅ። የቀሩት ተማሪዎች በአጥሩ ሥር ቆመው ያያሉ፤ አልቆጠርኳቸውም። የመጨረሻው እኔ ነኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣውን መንገድ ለሚለካው መሐንዲስ ሰንሰለት እየጎተትኩ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ማባዛትና ማካፈልን የተማርኩት እሱ ከሚጥለው ወረቀት ነው። የእጅ ሰዓት ስለነበረኝና ልኬት ስለማልስት ኃላፊው ከእሱ፣ ከአስተርጓሚውና ከመሪጌታው ጋር ዳኛ አደረገኝ።

የሚያሸንፈው ተማሪ ሰዓትና መለኪያ መሣሪያ በሚታደስበት ቤት ገብቶ ሙያ ይማራል። የቀሩት ሦስቱ ትምህርታቸው በዚያው ያበቃል። ለአገሬው ልጅ ከዚያ በላይ ክፍል አልነበረም።

የቀጥቃጩ ልጅ ያመጣው ሰፊ ሳንቃ ነበር፤ መካከሉ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን የብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ ተተክሏል፤ ሳንቃው ላይ ጭረቶች አሉ።

"ምን ይሠራል?" አልኩት።

"ሰዓት ይናገራል፣ ጋሼ። የእጅ ሰዓት ለሌለን።"

"ጭረቶቹን ማን አወጣቸው?"

"ዘንጉን አባቴ ቀጠቀጠው። ጭረቶቹን ያወጣሁ ግን እኔ ነኝ። ጥላው ድርግም ብሎ የሚጠፋባትን ስድስት ሰዓት ብዬ፣ ከንጋት እስከዚያ ያለውን በሚንጠባጠብ ውኃ እየለካሁ እኩል ከፈልኩት። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ እናቴ አበደ ብላ ነበር።"

ይህን እየነገረኝ የጦር ሰፈሩ ጡሩምባ ተነፋ። ስድስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ከጡሩምባው ጋር አንድ ነው። የዘንጉ ጥላ ግን አራት ጣት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ወደ ምዕራብ ተጋድሟል። ጫፉ ያረፈው የአምስት ሰዓት ተኩል ጭረት ላይ ነው።

"የቀጥቃጭ ፀሐይ አርፍዳ ነው የምትነሳ!" አለ ከአጥሩ ሥር አንዱ። ተሳሳቁ።

"ጋሼ፣ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልደረሰችም" አለ ልጁ። "የራስዎን ጥላ ይዩ እንጂ።"

"ሰዓቱም ጡሩምባውም አብረው ተሳሳቱ ነው የምትል?"

"ምነው፣ ፀሐይ ትሳሳታለች?"

የራሴን ጥላ አላየሁም። መሪጌታው ግን አዩ። እሳቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጾም መፍቻውን ሰዓት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ወደ እግራቸው አጎነበሱ፣ አፋቸውን ከፈት አደረጉ፣ ኃላፊውን አዩና መልሰው ዘጉት።

ደብተሬ ላይ "ግማሽ ሰዓት ይዘገያል" ብዬ ጻፍኩ፤ በሁሉም ፊት ውጤቱን ተናገርኩ። የእንጨት ማኪናው አሸነፈ። አስተርጓሚው ለወጉ እንኳ የቀጥቃጩን ዘንግ አልነካም፤ ቀጥቃጮችን በቡዳነት ያሟቸው ነበርና። እኔ ነካሁት፣ ለካሁት። በትውልዱ ሳይሆን በልኬት ፈረድኩ ብዬ በልቤ ኮራሁ። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ኩራት ነው።

ቤቴ ስገባ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ስሕተቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ በትክክል አልጻፍኩም። በማግስቱ ግቢዬ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ተክዬ ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ጡሩምባው ሲነፋ ጥላው አለ። ጥላው የጠፋው ሰዓቴ ስድስት ተኩል ሲል ነው። ሦስት ቀን ደጋገምኩት፤ ያው ነው።

መሐንዲሱን ስጠይቀው ሳቀ። "ሰዓቱ ከምፅዋ እስከ ሞቃዲሾ አንድ እንዲሆን የታዘዘ ነው፤ እዚህ ግን ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ነው" አለኝ። "ፀሐይዋ ትእዛዙ አልደረሳትም።"

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። የአሸናፊው ስም ተልኳል አለኝ። "ደግሞስ ከመንግሥት ሰዓት ጋር የማይሄድ ሰዓት ለማን ይጠቅማል?" መከራከር እችል ነበር። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። በሩ ላይ መሪጌታውን አገኘኋቸው።

"አይተውት ነበር" አልኳቸው። "ምነው ዝም አሉ፣ የኔታ?"

"አንተስ ምነው ጎንበስ ብለህ ማየት አቃተህ?"

ወደ ልጁ መንደር አንድ ሰዓት መንገድ ነው። አንድ ሰዓት ለመሄድ ክረምቱን በሙሉ ፈጀሁ። ከመስቀል በኋላ ስደርስ አባቱ ወናፉ አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል።

"እንደምን ዋሉ፣ አያ" አልኩት።

ቀና ብሎ የእጅ ሰዓቴን አየ። "ሰዓት አዋቂው አንተ ነህ?"

ልጁ ትክክል እንደነበረ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት።

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? መስማት የነበረበት እሱ ነው።"

"የት ሄደ?"

"ወደ መተማ ከሚወርዱት ነጋዴዎች ጋር። ዘንጉን ማጭድ አድርገው ብሎኝ ሄደ።"

"አደረጉት?"

"ሁለት ቀን አልነካሁትም። ኋላ አደረግሁት። ብረት ከየት ይመጣል?"

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ጠየቅሁ፤ የልጁ ወሬ አልመጣም።

ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ በተለይ በአጥሩ ሥር የቆማችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። ውጤቱን ስናገር ያልኩትን ቃል በቃል አላስታውስም። "ይዘገያል" ብቻ ያልኩ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው ግን "አይረባም ብለሃል" አለኝ። ብዬ ከሆነ ንገሩኝ። ልጁ ሳንቃውን ተሸክሞ ሲወጣ አብሮት የወጣ ሰው ነበረ? አንድ ቃል ተናግሮ ነበር? ከእናንተ መካከል ወደ መተማ የወረደና እሱን ያየ ካለ፣ የት እንዳለ ይጠቁመኝ።