የጋሽ ንስር መርፌ

ልብስ ሰፊው የገዛ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ንስር ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ቅርቡን አላይ ያለውን ዓይኑን በሌዘር ተሠርቶ መጣና መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ፣ እነሱ ፊት በቀጭኗ መርፌ ክር በአንድ ሙከራ አስገባ። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ነው እንጀራም ክብርም ያገኘው።

ታዲያ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የሰው ነገር አላምር አለው። የመርፌ ፋብሪካው ቀዳዳውን እያጠበበ ነው። ክር ሻጩ ጫፉ የሚበተን ክር ያቀብለዋል። አምፖል ሻጩም ቢሆን አይታመንም። ዓይኑን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሮት አያውቅም፤ ምን ሲባል! ደግነቱ አብራው የምትሰፋው ግራኝ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ "እጄ ሥራ ፈቷል፣ ወዲህ በላት" እያለች ክሩን ታስገባለታለች።

አንድ ቀን ከመሬት ተነስቶ ሆስፒታሉ ደወለ። ዓይኑ ከተሠራ ወዲህ እንዴት እንደሰነበተ ሊመረምሩት ይፈልጋሉ፤ ክፍያ የለውም።

"ነገር አለ" አለ ስልኩን እንደዘጋ። "ያኔ ይሄ ቁጥር አልነበረኝም። ማን ሰጣቸው?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች ሚስቱ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

"ደግመው ሊነካኩኝ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደ ድሮው ነው የማየው!"

"እንግዲያው ሄደህ አሳያቸዋ።"

እምቢ ቢል የፈራ ሊመስልበት ነው። አምና ለራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ፣ ሚስቱን አስከትሎ ሄደ።

ወጣቷ ዶክተር ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ካርድ ሰጠችው። ካርዱን አራቀው፣ አራቀው፤ እጁ አለቀ።

"ፊደሉን አሳንሳችሁታል" አለ።

"አባባ፣ ካርዱ ያው የድሮው ነው። እንዲህ ያለው ዓይን በሌዘር ከተስተካከለ በኋላ፣ ዓመት በገፋ ቁጥር ቀስ እያለ የሚመለስበት ሰው አለ። ዕድሜም ያግዘዋል። የእርስዎ ብቻ አይደለም።"

የመሞከሪያ መነጽር አጠለቀችለት። ፊደሉ ወለል አለ። እሱ ግን አላመነም፤ ካርዱን ቀይራብኝ ይሆናል ብሎ የሚያውቀውን ነገር ሊያይ የኮቱን እጅጌ አነሳ። በገዛ እጁ የሰፋው የቁልፍ ቀዳዳ ነው፣ የራሱን ስፌት ደግሞ ከሺህ ይለያል።

ስፌቱ ጥንቅቅ ያለ ነው። ግን ወደ ግራ ያዘነብላል።

ሌላውን እጅጌ አየ። ደረቱን አየ። ሁሉም ወደ ግራ። ከሥሩ ደግሞ የተተረተረ ስፌት የተወው የመርፌ ቀዳዳ አለ፣ የተዛነፈና የተንጋደደ። የእሱ ያ ነው።

ጥግ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ተቀመጠችው ሚስቱ ዞረ።

"ስንቱን ነው?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሁሉንም" አለች። "ቁጥርህንም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።"

"ደንበኛ ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም።"

ዶክተሯ ካርዱን መልሳ አቀበለችው።

"አሁንስ ይታይዎታል?"

ጋሽ ንስር ዓይኑ በእንባ ሞልቷል።

"ኧረ አይታየኝም፣ ልጄ" አለ።